ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀረው ፍንጭ፦ የባሕር ዳርቻ ታሪካዊ የምርመራ ልቦለድ ለምን ይወደዳል?

በ1890ዎቹ፣ በአንድ የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ማለዳ ላይ የአንድ ሰው አስከሬን አሸዋው ላይ ተገኘ እንበል። ኮቱ ደረቅ ነው። በዙሪያው ያለው አሸዋ ምንም ያልረገጠው ይመስል ለስልሶ ተኝቷል፤ ከድንጋዩ ደረጃ ተነስቶ እስከ አስከሬኑ የሚደርሰው የሟቹ የራሱ የእግር ዱካ ብቻ ነው። ነገሩን ለማጣራት የተነሳችው ሴት የአንዲት ትንሽ ፔንሲዮን ባለቤት የሆነች መበለት ትሁን። እሷ በመጀመሪያ የምትጠይቀው «ማን ገደለው?» ብላ ሳይሆን «ትናንት ሌሊት ባሕሩ የሞላው በስንት ሰዓት ነበር?» ብላ ነው። ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ያ አሸዋ በሙሉ ከውኃ በታች ነበርና፣ ኮቱ ደረቅ ከሆነ ሰውየው እዚያ የወደቀው ውኃው ከሸሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ልክ በሙላቱ ሰዓት ከዚያ ቦታ የሞት ጩኸት ሰማሁ ያለው እንግዳ ወይ ተሳስቷል፣ ወይ ዋሽቷል።

ምሳሌው የእኔ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅባቸው ልቦለዶች በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ራሱን የቻለ ሰፊ ዘርፍ ሆነዋል። እንግሊዞቹ ዘርፉን «ኮዚ» ይሉታል፤ ቃሉ ብርድ ባለበት ቀን በሞቀ ክፍል ውስጥ ተመቻችቶ የመቀመጥን ስሜት የሚገልጽ ነው። በዚህ ዘርፍ ግድያ አለ፤ ግድያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንባቢው ዓይን ውጭ ይፈጸማል፤ ደምና ስቃይ በዝርዝር አይተረክም። መርማሪው ወይም መርማሪዋ ብዙውን ጊዜ ፖሊስ ሳይሆኑ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ቄስ፣ መድኃኒት ቀማሚ ወይም ከላይ እንዳልኳት ያለች ባለ ፔንሲዮን ናቸው። ተጠርጣሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩና እርስ በርስ የሚተያዩ ናቸው፤ በመጨረሻም ነገሩ ሁሉ ተብራርቶ እውነቱ ይወጣል። ታሪካዊ የሚባለው ደግሞ ይህ ሁሉ ባለፈ ዘመን ሲሆን ነው፤ በጣም የሚዘወተረው ዘመን ከንግሥት ቪክቶሪያ አገዛዝ፣ ማለትም ከ1837 ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ ያለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አስቸጋሪው ጥያቄ የሰው ሞት የሚተረክበት መጽሐፍ እንዴት አንባቢን ሊያሳርፍ እንደሚችል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንባቢው ከዕለት ጭንቀቱ መሸሽ ስለሚፈልግ ነው የሚል ነው። ይህ መልስ ስሕተት ባይሆንም በቂ አይመስለኝም፤ መሸሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድያ የሌለበት የባሕር ዳርቻ የፍቅር ታሪክ ይበልጥ ባሳረፈ ነበር። እኔ እንደማምነው የሚያሳርፈው ቃል ኪዳኑ ነው፦ አንድ ሰው ሞቷልና ሞቱ ቸል አይባልም፤ ያየ፣ የሰማ፣ የደበቀ ሁሉ ይጠየቃል፤ ያልተብራራ ነገር አይቀርም። የእኛን እንቆቅልሽ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ኪዳን አዲስ አይደለም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱ ያልመጣለት ሰው አገር ይሰጣል፤ አገር የተሰጠው ጠያቂ ግን መልሱን ሳይናገር መነሳት አይችልም። እንቆቅልሽ ሲጫወት ያደገ ሰው ከመልሱ ይልቅ መልሱ የግድ እንደሚመጣ ማወቁ ራሱ ምን ያህል ደስ እንደሚል ያስታውሳል። የምርመራ ልቦለዱ ከአንባቢው ጋር የሚገባው ውል ይኸው ነው፤ ባሕሩና ያለፈው ዘመን ውሉ የሚታመን እንዲሆን የሚያግዙ ናቸው።

ከባሕሩ ልጀምር፤ ከሁሉም የሚደንቀኝ እሱ ስለሆነ። በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ አንባቢ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ መቶ እርምጃ ያህል ሸሽቶ ተመልሶ ሲመጣ አላየም፤ በሐይቆቻችን ላይ ለዓይን የሚታይ ሙላትና ሽሽት የለም። በብሪታንያ ዳርቻዎች ግን የጨረቃና የፀሐይ ስበት ከምድር መሽከርከር ጋር ተዳምሮ ባሕሩን በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ ይሞላዋል፤ በመካከሉም ያጎድለዋል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት በ3 ሰዓት የሞላ ባሕር ነገ ጠዋት የሚሞላው ወደ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ጨረቃ አዲስ በምትሆንበትና ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል። በብሪስቶል ሰርጥ በእንደነዚህ ያሉ ቀናት በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ12 ሜትር ይበልጣል፤ ይህም የአራት ፎቅ ሕንፃ ያህል ነው።

ለወንጀል ጸሐፊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ባሕሩ ማንም ሊያስቆመውና ሊያስዋሸው የማይችል ሰዓት ነው። የግድግዳ ሰዓት ወደ ኋላ ሊመለስ፣ ምስክርም በገንዘብ ሊገዛ ይችላል፤ ባሕሩ ግን በሰዓቱ ሞልቶ በሰዓቱ ይሸሻል፤ ሰዓቱም አስቀድሞ በታተመ ሠንጠረዥ ላይ ይገኛል። በሊቨርፑል የሙላትና የሽሽት ሠንጠረዥ ታትሞ መሸጥ የጀመረው በ1770 ነው፤ ከ100 ዓመት ገደማ በኋላም፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን በመባል የታወቁት ሳይንቲስት ይህን ስሌት በጥርሳም ጎማዎችና በመዘውሮች በሚሠራ ማሽን አስደግፈውታል። እዚህ ላይ የዘርፉ አንድ ትልቅ ደስታ አለ፦ ሠንጠረዡ የታተመ ቢሆንም፣ ከለንደን በባቡር የመጣው ገዳይ የ50 ደቂቃዋን መዘግየት አያውቅም። ዓሣ አጥማጁ ያውቃታል፤ በሽሽት ጊዜ ከድንጋይ ሥር ቀንድ አውጣ የምትለቅመው አሮጊት ታውቃታለች። ስለዚህ ምስጢሩን የሚፈታው የተማረው እንግዳ ሳይሆን ቦታውን በእግሩ የሚያውቀው ሰው ይሆናል። ትንሽ ሰው የሚያውቀው ትንሽ ነገር ትልቁን ውሸት ሲያፈርስ ማየት ለአንባቢ ከሚሰጠው እርካታ ውስጥ ዋነኛው ይህ ይመስለኛል።

ባሕሩ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በርም ነው። በዴቨን አውራጃ ዳርቻ በርግ አይላንድ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ባሕሩ ሲሸሽ ከዋናው ምድር ጋር በአሸዋ ትያያዛለች፤ ሲሞላ ትቆረጣለች። በላይዋ በ1929 የተሠራ ሆቴል አለ። እንግሊዛዊቷ የምርመራ ልቦለድ ጸሐፊ አጋታ ክሪስቲ ለሁለት ልቦለዶቻቸው መነሻ ያደረጉት ይህችን ቦታ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። ጸሐፊው ተጠርጣሪዎቹን በአንድ ቦታ ለማገት ማዕበል ወይም የተሰበረ ድልድይ መፈልሰፍ ሳያስፈልገው፣ ተፈጥሮ ራሷ በየ12 ሰዓቱ በሩን ትዘጋለታለች። ወደ ባሕሩ ውስጥ በብረት ምሰሶዎች ተደግፎ የሚዘረጋውና «ፒር» የሚባለው የመዝናኛ መድረክም ተመሳሳይ ጥቅም አለው። በብራይተን ከተማ ዌስት ፒር የተከፈተው በ1866፣ ፓላስ ፒር ደግሞ በ1899 ነው። ወደ እንዲህ ያለው መድረክ የሚገባ ሰው በመግቢያው ላይ ሳንቲም ይከፍል ነበርና፣ መጨረሻው ላይ ባለው ቲያትር ውስጥ አንድ ሰው ሞቶ ቢገኝ፣ ቲኬት ቆራጩ ስንት ሰው እንደገባና ማን እንዳልወጣ ሊናገር ይችላል።

ተጠርጣሪን ሁሉ በአንድ ቦታ ይዞ እውነቱ እስኪወጣ አለመልቀቅ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን ባህላዊ ሥርዓት አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ የሚባለው ምርመራ እንዲሁ ነበር፤ ወንጀል ሲፈጸምና ፈጻሚው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ሽማግሌዎች እየጠየቁት ይቆያል፤ ሥራ ፈታሁ፣ ከብቴ ተራበ ቢልም በቀላሉ አይለቀቅም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በአውጫጪኝ የተሰበሰቡት ሰዎች ይተዋወቃሉ፤ የማን አባት ከማን ጋር በድንበር እንደተጣላ ሁሉም ያውቃል። በባሕር ዳርቻው ልቦለድ የተሰበሰቡት ደግሞ ጭራሽ የማይተዋወቁ ናቸው፤ ይህም ከታሪክ የመጣ እውነት ነው።

የእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከመሆኑ በፊት መድኃኒት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሪቻርድ ራስል የተባሉ ሐኪም የባሕር ውኃ የዕጢ በሽታን እንደሚፈውስ ጽፈው፣ በሽተኞቻቸው እንዲነከሩበት ብቻ ሳይሆን እንዲጠጡትም ያዙ ነበር፤ ዓሣ አጥማጅ መንደር የነበረችው ብራይተን ታዋቂ የሆነችው በእሳቸው ምክንያት ነው። በማርጌት በ1791 ለድሆች የባሕር መታጠቢያ ሆስፒታል ተቋቋመ። ለፀበልና ለፍል ውኃ ርቆ መሄድን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ቅርብ ነው። ለልቦለዱ የሚሰጠው ጥቅም ግን ልዩ ነው፦ የባሕር ዳርቻው ፔንሲዮን ሀብታም በሽተኞች፣ አስታማሚዎቻቸው፣ የመድኃኒት ብልቃጦቻቸውና ውርስ የሚጠብቁ ዘመዶቻቸው የሚሰበሰቡበት ቦታ ሆነ። በሽተኛ የሞተበት ቤት ጥርጣሬ አይነሳበትም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሞቱ ግድያ መሆኑን ማስረዳት የመርማሪዋ ሥራ ይሆናል፤ ብዙ ጥሩ ልቦለዶችም የመጀመሪያ ሦስተኛ ክፍላቸውን የሚያሳልፉት በዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ከለንደን ብራይተን የሚደርሰው የባቡር መስመር በ1841 ተከፈተ። በ1871 የወጣው ሕግ ባንኮች የሚዘጉባቸውን የዕረፍት ቀናት ደነገገ፤ በ1938 የወጣው ደግሞ ለሠራተኞች የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲስፋፋ አደረገ። በሰሜን፣ በላንካሽር፣ የጥጥ ፋብሪካ ያላቸው ከተሞች በየተራ አንድ አንድ ሳምንት ሥራ ያቆሙ ነበር፤ በዚያ ሳምንት የአንድ ከተማ ሰው ከሞላ ጎደል ተጠራርጎ ብላክፑል ወደተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ይወርዳል፤ ብዙዎቹ በየዓመቱ ወደዚያችው አከራይ ይመለሳሉ። ጸሐፊና ልብስ ሰፊ፣ የባንክ ሠራተኛና የመኳንንት ቤት አገልጋይ በአንድ የቁርስ ገበታ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቦታ ባሕር ዳርቻው ነበር። በአገሩ ማንም የሚያውቀው ሰው እዚህ ማንም አያውቀውም። ሰባት ቀን ሙሉ ሻለቃ ነኝ ሊል፣ ሚስቱ ያልሆነችውን ሚስቴ ናት ሊል ይችላል። ስለዚህ በምርመራው ጊዜ የሚወጣው ምስጢር የገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ገበታው ላይ የተቀመጠ ሁሉ የደበቀው ነገር አለው፤ አብዛኛው የሚያሳፍር እንጂ የሚያስወነጅል አይደለም። በደንብ የተጻፈ መጽሐፍ መርማሪዋ እነዚህን ትንንሽ ምስጢሮች አውቃ ስትተዋቸው ያሳየናል። ይህ ምሕረት የዘርፉን ሙቀት ከሻይውና ከኬኩ የበለጠ የሚሰጠው ይመስለኛል።

ወደ ዘመኑ ልለፍ። ታሪኩ ዛሬ ቢሆን ኖሮ የመንገድ ካሜራ፣ የሞባይል ስልክ መረጃና የዘረመል ምርመራ መበለቲቱን ሥራ ያስፈቷት ነበር። የዘረመል አሻራ የተገኘው በ1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የጣት አሻራ ክፍል በለንደን ፖሊስ የተቋቋመው በ1901 ነው። ከዚህ በፊት ባለው ዘመን መርማሪ ያለው ዓይኑ፣ ጆሮውና የሰው ጠባይ እውቀቱ ነው። አንባቢም ያለው ይኸው ነው፤ ስለዚህ እኩል ሆነው ይጫወታሉ። ላቦራቶሪ የሚፈታውን ምስጢር አንባቢ ተቀምጦ ከማየት ሌላ ድርሻ የለውም፤ የታጠበ ብርጭቆ፣ ያልተነካ ፖስታና ደረቅ ኮት የሚፈቱትን ምስጢር ግን በራሱ ሊፈታው ይችላል።

ያለፈው ዘመን ግን ማስረጃ አልባ አልነበረም፤ እንዲያውም ማስረጃው በእጅ የተጻፈ መሆኑ ለትረካ ያመቻል። አርሰኒክ የሚባለው መርዝ ለአይጥና ለዝንብ ተብሎ በየሱቁ ይሸጥ ነበር፤ በ1836 ጄምስ ማርሽ የተባሉ ኬሚስት አርሰኒክን በሰውነት ውስጥ በጥቂት መጠን እንኳ የሚያሳይ የምርመራ ዘዴ ይፋ አደረጉ፤ በ1851 የወጣው ሕግ ደግሞ ሻጩ የገዢውን ስምና የገዛበትን ምክንያት በመዝገብ እንዲይዝ አስገደደ። የመርዝ መዝገቡ፣ የሆቴሉ የእንግዳ መዝገብ፣ የቴሌግራም ቅጂ፣ የባቡር ሰዓት ሠንጠረዥ ሁሉም መርማሪዋ በእጇ ገልጣ የምታነባቸው ወረቀቶች ናቸው። አጋታ ክሪስቲ ራሳቸው የባሕር ዳርቻ ከተማ ልጅ ነበሩ፤ በ1890 በቶርኪ ተወለዱ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም እዚያው በሆስፒታል በአስታማሚነት፣ ቀጥሎም በመድኃኒት ክፍል አገልግለዋል። በልቦለዶቻቸው መርዝ ከጥይት የበለጠ የሚዘወተረው የሥራ እውቀታቸው ስለነበረ ነው። በቶርኪ ያዩአቸው የቤልጂግ ስደተኞችም ለዝነኛው መርማሪያቸው መነሻ ሆነዋል።

ይህን ዘርፍ ያጎለመሰው ከዚያ ጦርነት በኋላ የመጣው ትውልድ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ብሪታንያ ከ700,000 በላይ ወታደሮቿን በዚያ ጦርነት አጥታለች፤ ብዙዎቹ መቃብራቸው አልታወቀም፤ ለሞታቸውም ማንም ምክንያት ሊሰጥ አልቻለም። በዚህ ማግስት አንድ ሰው ሞቶ ሁለት መቶ ሃምሳ ገጽ ሙሉ ስለ እሱ ብቻ የሚጠየቅበት መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚያጽናና ማሰብ ይቻላል። ጸሐፊዎቹም ውሉን አክብደው ያዙት፤ በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባሉ ካህን ለመርማሪ ልቦለድ አሥር ደንቦች አወጡ፤ ገዳዩ በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው እንዲሆንና ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል እንዳይገባበት የሚሉት ከእነዚህ ይገኛሉ። በ1930 የተመሠረተው የጸሐፊዎቹ ማኅበርም አባላቱ አንባቢን እንዳያታልሉ ቃል ያስገባ ነበር። ገጣሚው ደብልዩ ኤች ኦደን በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እሱ ራሱ የእነዚህ መጻሕፍት ሱሰኛ መሆኑን አምኖ፣ አንባቢው የሚፈልገው ወደ ኤደን ገነት መመለስን ነው ብሏል፤ ቦታው ንጹሕና የሚያምር መሆን ያለበት አስከሬኑ የማይገባበት ቦታ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ባሕር ዳርቻው ለዚህ ይመቻል፤ ሰው ሁሉ ለደስታ በመጣበት ቦታ ላይ የወደቀ ሬሳ ከየትም ቦታ ይልቅ ያስደነግጣል።

እዚህ ላይ ግን እውነተኛው ታሪክ ምን ይመስል እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1871 በብራይተን ከተማ ክርስቲያና ኤድመንድስ የተባለች ሴት ከአንድ ጣፋጭ ቤት ቸኮሌት እየገዛች፣ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ ጨምራበት፣ በልጆች እጅ ወደ ሱቁ ትመልሰው ነበር፤ ሱቁም ሳያውቅ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። መርዙን የገዛችው ድመት ለመግደል ነው ብላ፣ በሐሰተኛ ስም ነበር። ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት የመጣ የአራት ዓመት ሕፃን ያንን ቸኮሌት በልቶ ሞተ። ነገሩ የጀመረው ባለትዳር የሆነ አንድ ሐኪም በማፍቀሯና የሐኪሙን ሚስት በዚሁ መንገድ አሳምማለች ተብላ በመጠርጠሯ ነበር። በ1872 ሞት ተፈረደባት፤ ፍርዱ ግን ተለውጦ ብሮድሙር ወደተባለው የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ተላከች፤ እዚያም በ1907 ሞተች። ባሕር ዳርቻ፣ ጣፋጭ ቤት፣ የመርዝ መዝገብ፣ ሐሰተኛ ስም፣ የተደበቀ ፍቅር፤ የዘርፉ ቁሳቁስ ሁሉ በዚህ ጉዳይ ውስጥ አለ። የሚያሳርፍ ነገር ግን አንድም የለበትም፤ ሟቹ ሕፃን ነው፤ ከገዳዪቱ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ የገዳዪቱም አእምሮ የታመመ ነበር። ልቦለዱ ከእውነተኛው ታሪክ ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚተው ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም። ዕቃውን ይወስዳል፤ ትርጉም የለሽነቱን ይተዋል፤ በልቦለዱ ሟቹ ሁልጊዜ የሞተበት ምክንያት አለው።

ሌላም የሚተወው ነገር አለ፤ ስቅላት። በዚያ ዘመን በብሪታንያ ለግድያ የሚሰጠው ቅጣት ሞት ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ስቅላቶች የተፈጸሙት በ1964 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት በነፍስ ግድያ የሞት ቅጣት እንዲቆም ፓርላማው ወሰነ። እንግዲህ በ1895 በተቀመጠ ታሪክ ውስጥ ደግዋ መበለት ገዳዩን ስትጠቁም፣ ገመዱንም አብራ እየጠቆመች ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ጥላ ከመጽሐፉ ለማራቅ ባሕሩን ይጠቀማሉ፤ ገዳዩ ሲሸሽ ከገደል ይወድቃል፣ ወይም ሙላቱ በድንገት ደርሶበት ይሰጥማል። ባሕሩ የሰቃዩን ሥራ ይረከባል፤ የማንም እጅ ሳይቆሽሽ ታሪኩ ያበቃል። ብልሃቱ ይገባኛል፤ ቢሆንም እኔ የማከብራቸው ጸሐፊዎች መበለቲቱ ከችሎቱ በኋላ ባሉት ሌሊቶች እንቅልፍ ስታጣ የሚያሳዩትን ነው።

ስለ ያለፈው ዘመን ምቾት ሲነሳ፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀላሉ የማያልፈው አንድ እውነት አለ። ለእነዚህ ልቦለዶች በእጅጉ ከሚመቹ ቦታዎች አንዱ ዋይት ደሴት ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ኦዝቦርን ሃውስ የተባለ የባሕር ዳር ቤተ መንግሥት ነበራቸውና፣ መኳንንቱም ገጣሚዎቹም እዚያ ይከርሙ ነበር። በ1868 የበጋ ወራት ወደዚያች ደሴት ከተወሰዱት እንግዶች አንዱ ልዑል ዓለማየሁ ነበር፤ አባቱን ዐፄ ቴዎድሮስን በመቅደላ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በጉዞው ላይ ያጣ የሰባት ዓመት ልጅ። ንግሥቲቱ እዚያ ተቀብለውታል፤ ታዋቂዋ ፎቶ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚያው ደሴት ፎቶ አንስታዋለች። ነጫጭ ጃንጥላዎች፣ የሙዚቃ ጓድ፣ ባለ ጎማ የመታጠቢያ ጋሪዎች በተሰለፉበት ዳርቻ ወላጆቹን ያጣ፣ ከአገሩ የራቀ አንድ ልጅ ነበር። ልቦለዱን ለመክሰስ አላነሳሁትም። ያ ምቹ ዳርቻ በሩቅ አገር ከተደረገ ጦርነትና ከተወሰደ ሀብት ጋር የተያያዘ እንደነበረ የሚያውቅ ጸሐፊ፣ በቁርስ ገበታው ላይ ከሕንድ የተመለሰውን ሻለቃ ሲያስቀምጥ፣ ሻለቃው ምን ይዞ እንደተመለሰ ይጠይቃል። ከግድያው ጀርባ ያለው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው፤ መጽሐፉም የሚጠነክረው በዚያ ነው እንጂ ሙቀቱን አያጣም።

የጊዜ ምርጫው ራሱ ታሪኩን ይለውጠዋል። በ1895 የተቀመጠ መጽሐፍ ውስጥ ዋናው ኃይል ሐሜትና የስም መጥፋት ፍርሃት ነው። በ1925 የተቀመጠው ውስጥ ከጦርነት የተመለሰ፣ ስሙን ከሞተ ጓደኛው ጋር የለወጠ ሰው ይመጣል። በ1940 የተቀመጠው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ የጀርመን ጦር በባሕር እንዳይወርድ ተብሎ የደቡቡና የምሥራቁ ዳርቻ በፈንጂና በእሾሃማ ሽቦ ታጥሯል፤ ፒሮቹ ለጠላት መውረጃ እንዳይሆኑ መሐላቸው ተቆርጧል፤ ማታ መብራት አይበራም። ማንም ሊደርስበት በማይችል አሸዋ ላይ አስከሬን ቢገኝ እንቆቅልሹ ራሱን በራሱ ይጽፋል።

የቀረው ነገር እነዚህ መጻሕፍት ለምን በተከታታይ እንደሚጻፉ ነው፤ አንዲት መርማሪ በአሥር፣ በአሥራ አምስት መጽሐፍ ትቀጥላለች። በአንድ የገጠር መንደር ውስጥ በየዓመቱ ሁለት ሰው የሚገደል ከሆነ፣ አንባቢ ውሎ አድሮ በመንደሩ የቀረ ሰው መኖሩን ይጠራጠራል፤ የሚተዋወቁ ሰዎች ይህን ያህል ጊዜ ተገዳድለው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሊቀመጡ አይችሉም። ባሕር ዳርቻው ይህን ችግር አያውቀውም። ነዋሪው ያው ነው፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ቲኬት ቆራጩ፣ መድኃኒት ቀማሚው፣ መበለቲቱ በየመጽሐፉ ይመለሳሉ፤ አንባቢም እንደ ጎረቤቶቹ ይናፍቃቸዋል። የሚሞተውም የሚገድለውም ግን እንግዳ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩ የሳምንቱን እንግዶች ይዞ ይሄዳል፤ መበለቲቱ አንሶላውን ቀይራ፣ የእንግዳ መዝገቡን አዲስ ገጽ ገልጣ በራፉ ላይ ትቆማለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ባቡር ስማቸው እውነተኛ ይሁን አይሁን የማይታወቅ ሌሎች ሰዎችን ያወርዳል።